«እማሆይ ለሁሉ የሚሰጡትን እኔ ልሽጠው?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 32 ነው። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ አካባቢ፣ በበቆሎ አገር ነው።

አያቴ እማሆይ በቆሎው ተፈልፍሎ ጎታ ከመግባቱ በፊት አንድ ቅጠል ጥላ ላይ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ከአመድ ጋር ያዋህዱበታል። ነቀዝ አይደፍረውም። ለጠየቃቸው ሁሉ ያሳያሉ፤ የቀበሌው ሴቶች አብዛኞቹ ከእሳቸው የተማሩ ናቸው። እኔ ያንን ቅጠል ይዤ ላቦራቶሪ ገባሁ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጀምሬ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው በሰጠኝ ትንሽ የምርምር በጀት፣ በጠቅላላው አራት ዓመት ለፋሁበት። በየትኛው ወር ቢለቀም እንደሚሻል፣ ስንት ቀን መድረቅ እንዳለበት፣ ለአንድ ኩንታል ስንት ግራም እንደሚበቃ አሁን አውቃለሁ። በሦስት ቀበሌዎች ከገበሬዎች ጋር ሞክረነዋል።

ባለፈው ጥር የግብርና ግብዓት የሚያቀርብ አንድ ድርጅት አገኘኝ። 800,000 ብር ሊከፍለኝ፣ ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) በራሱ ስም ሊያወጣ፣ ዱቄቱን አሽጎ በየገበያው ሊሸጥ ይፈልጋል። እኔ በበኩሌ ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጽሑፍ እንዳላሳትም፣ አዘገጃጀቱንም ለማንም እንዳላስረዳ እፈርማለሁ። በሦስተኛው ቀበሌ የታየው የዘር አለመብቀል ነገርም ምርቱ ገበያ ላይ እስኪለመድ ባይነሳ ይሻላል ብለውኛል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ባለቤቴ «ፈርሚ፣ ሐሳብ እንጀራ አይሆንም» ይላል። እውነቱን ነው፤ የቤት ኪራይ አለ፣ እቁብ አለ፣ ባሕር ዳር የምትመላለሰው የእናቴ ሕክምና አለ። አማካሪዬ የነበሩት መምህር ደግሞ «ሳይንስ የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል። ለእማሆይ ገና አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ ፊታቸው እቀመጣለሁ?

ግራ የገባት፣ ከጎጃም

*

እህቴ፣

ከገንዘቡ ልጀምር። ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያፈርሽው እሱን ይመስለኛል። 800,000 ብር ማስፈለጉ ነውር የለውም። እናትሽ መታከም አለባት፣ የቤት ኪራይ ወሩ ሲሞላ ይጠየቃል። «ሳይንስ አይሸጥም» ያሉሽ መምህርሽ ልባቸው ቅን ነው፤ ግን የአንቺን የወር ወጪ እሳቸው አይከፍሉም። ባለቤትሽንም በክፉ አትይው። አራት ዓመት ሙሉ ቅጠል ስትመዝኚ ያየሽ፣ ድካምሽ ዋጋ እንዲያገኝ የሚፈልግ ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ አልሽው? የቅጠሉን ስም አልጻፍሽልኝም። አልቀየምኩም፣ አልጠይቅሽምም። እማሆይ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚያሳዩትን ቅጠል አንቺ ገና ሳትፈርሚ ከእኔ ደበቅሽው። ሳታስቢው እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ውሉ ካሁኑ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

መደበቁ በራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ዕውቀት በሁለት መንገድ ሲሄድ ኖሯል። አንዱ የመድኃኒት አዋቂው መንገድ ነው፤ ሥሩን ጎህ ሳይቀድ ይቆፍራል፣ ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ይላል፣ ሲሞት ለአንድ ልጁ በጆሮው ነግሮ ይሞታል፣ ካልሆነም ይዞት ይቀበራል። ሌላው የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች መንገድ ነው። የኔታ ቅኔውን ያለ ክፍያ ያስተምራሉ፤ ቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል፤ መንደሩ ቁራሽ ይሰጠዋል። ገበሬው ቅኔ አይቀኝም፣ ግን ቅኔ ቤቱ የቆመው በእሱ ቁራሽ ነው። ተማሪውም በተራው ሲመራ፣ «ይኼ የእኔ ነው፣ ካልከፈላችሁ አላሰማም» አይልም።

አንቺ እኮ የሁለተኛው መንገድ ልጅ ነሽ። የተማርሽበት ወንበር፣ ላቦራቶሪው፣ ያቺ «ትንሽ» ያልሻት በጀት ሁሉ የመንደሩ ቁራሽ ነው። ግብር ከፋዩ የመንደር ሰው ነው አኩፋዳሽን የሞላው። ዕዳ አለብሽ ብዬ ላስጨንቅሽ አይደለም። ድርጅቱ ሊገዛው የመጣው ነገር ውስጥ የሌላ ሰው ድርሻ እንዳለ እንድታዪው ብዬ ነው።

ነጋዴን ግን አልጠላም። እኔ ያደግሁት ደጀን ወዲያ ነው። ሰኔ ላይ እናቴ ድብኝቱን ከፍታ እጇን ስትከት መጀመሪያ የሚሰማት ሙቀት ነበር፤ ነቀዝ የገባበት እህል ይሞቃል። ጆሮሽን ብታስጠጊ እንደሚንጣጣ ደረቅ ቅጠል ይሰማል። እጇን ስታወጣ እስከ ክንዷ ነጭ ዱቄት ነው። የዓመት ቀለብ እንዲህ ሲያልቅ ያየ ሰው፣ ነቀዝን የሚያጠፋ ነገር ከማንም ይምጣ ከማን አያማርጥም። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገባው የፎስፊን ኪኒን ነው። ጋዙ ነቀዙንም ሰውንም አይለይም፤ ጎታውና መኝታው ደግሞ አንድ ጣራ ሥር ናቸው። ስለዚህ የእማሆይ ቅጠል በንጹሕ እሽግ ደጀንም ዳንግላም ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው፤ አንቺ ብቻሽን በጀርባሽ ተሸክመሽ አታደርሺውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ፒክስ የሚባለው ከረጢት ነው፣ ሳታውቂው አትቀሪም። ከውስጥ ሁለት የላስቲክ ከረጢት፣ ከውጭ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት የመሰለ። አፉ በደንብ ሲታሰር ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ይጨርስና ይሞታል፤ ኪኒን የለ፣ ዱቄት የለ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለአደንጓሬ መሰሉ ለካውፒ የጀመሩት ሥራ ነው። ዛሬ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች፣ የሚሸጡት ነጋዴዎች ናቸው፤ ያተርፋሉ። ግን እንዴት እንደሚሠራ ተጽፏል፣ የትኛው ተባይ ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ ማንም ገልጦ ያነባል። ገበሬው የሚገዛው ላስቲኩን ነው። ዕውቀቱ አልታሰረበትም። መሸጥ እና ማሰር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መምህርሽ ቢነግሩሽ ጥሩ ነበር።

አሁን የአንቺ የሆነውንና ያልሆነውን እንለይ። አክሊሉ ለማን ታስታውሺያለሽ፣ የእንዶዱን ተመራማሪ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሸካሚዎች ናቸው። ሴቶቹ እንዶድን በሳሙናነቱ ከእናት ከአያታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ቀንድ አውጣውን ከበሽታው ጋር አያይዞ ያየው ግን እሱ ነው፤ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያስገኘለትም ይኼው ሥራ ነው። ያንቺም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ነቀዝ እንደሚከላከል የሚያውቁት እማሆይና የቀበሌው ሴቶች ናቸው። የመልቀሚያው ወር፣ የማድረቂያው ቀን፣ ግራሙ የአንቺ ነው። በሁለተኛው ላይ መደራደር ትችያለሽ፣ እሱንም ቢሆን ከዩኒቨርሲቲው ጋር። የመጀመሪያውን ግን አንቺም ድርጅቱም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ መፈረም አትችሉም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው ለዚሁ ነው፤ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ይሉታል (አርክቦት ማለት አግኝቶ መጠቀም ነው፤ ቃሉን ከዚያ አዋጅ ውጭ ሰምቼው አላውቅም)። ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ እንዲስማማና ከጥቅሙ እንዲካፈል ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የድርጅቱ ሰዎች ስለዚህ አንድ ቃል ተንፍሰው ያውቃሉ? ካልተነፈሱ፣ ለምን?

ይኼን ሁሉ የምለው በጤፍ ስለተቃጠልን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ውል ተፈራረመች። ጥቅሙን እንካፈላለን የሚል ቃል የተጻፈበት፣ ሲነበብ ደስ የሚል ወረቀት ነበር። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ውሉ አብሮት ሞተ፤ ፓተንቱ ግን አልሞተም፣ ተዛማጅ ወደሆነ ሌላ ኩባንያ እጅ ገብቶ ኖረ። ሆላንድ ውስጥ የሻረው የሄግ ፍርድ ቤት ነው፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ2018፣ ፈጠራ የሚያሰኘው ነገር የለውም ብሎ። በዚያ ሁሉ ዓመት እኛ ያገኘነው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ስለዚህ የድርጅቱን ውል ስታነቢ «ስንት ይከፍሉኛል» ከሚለው ገጽ ቀጥለሽ ሌላ ገጽ ፈልጊ፦ ድርጅቱ ቢከስርስ? ለሌላ ቢሸጥስ? ፓተንቱን አውጥቶ ሳያመርት ቢያስቀምጠውስ? እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ ኪኒን የሚሸጥ ነጋዴ ከኪኒኑ የሚሻል ቅጠል እንዳይወጣበት ቢገዛው ማን ይከለክለዋል? ፓተንት በእኛ ሕግ 15 ዓመት ነው፣ በአገር ውስጥ በአግባቡ ከተሠራበት 5 ይጨመርለታል። ያንን ሁሉ ዓመት ዕውቀቱ የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ እንዳይቀር፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ ማምረት ካልተጀመረ መብቱ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ይግባበት።

ፓተንቱ በማን ስም እንደሚወጣም ተነጋገሪበት። ፓተንትን ሁሉ ስግብግብነት አድርገሽ አትዪው፤ እንደ አጥር የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1923 መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንዳንድ ዶላር የሸጡት፣ ሌላ ሰው ቀድሞ አጥሮ ለብቻው እንዳይይዘው ነው። (ዛሬ ኢንሱሊን በብዙ ቦታ ውድ ነው፤ አጥሩ ለዘላለም አልጠበቀውም። ቢሆንም።) ዩኒቨርሲቲሽ በራሱ ስም አውጥቶ፣ ለድርጅቱ የማምረት ፈቃድ ቢሰጥ፣ አንቺም ከሽያጩ ድርሻሽን ብታገኚስ? 800,000 በአንድ ጊዜ አይመጣ ይሆናል። ግን ሲቆጠር ሊበልጥም ይችላል፣ እንቅልፍም አይነሳም። ደግሞም በዩኒቨርሲቲ በጀት የተሠራን ሥራ ብቻሽን መፈረም ትችዪ እንደሆነ የቅጥር ውልሽን ሳታዪ እስክሪብቶ አታንሺ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ሊጠብቅ ይችላል። የማይጠብቀው አንድ ነገር አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፣ እኔን ሌሊት የቀሰቀሰኝ እሱ ነው።

ሦስተኛው ቀበሌ።

ለዘር የተቀመጠው በቆሎ አልበቀለም፣ ወይም እንደሚገባው አልበቀለም። ያ ቀበሌ ምን ለየው? አፈሩ ነው? ቅጠሉ በዝቶ ነው? በቆሎው ሳይደርቅ ገብቶ ነው? ወይስ በሁለቱ ቀበሌዎች የተቀመጠው ለቀለብ ብቻ ስለሆነ ማንም አልዘራውም፣ ስለዚህ አልታየም? የመጨረሻው ከሆነ ችግሩ የሦስተኛው ቀበሌ ብቻ አይደለም። አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ እጠይቅሻለሁ እንጂ አልመልስልሽም። ድርጅቱ ግን እንዲታወቅ አይፈልግም። «ገበያ ላይ እስኪለመድ» ማለት ስንት ገበሬ ስንት ክረምት ባዶ ማሳ እስኪያይ ነው?

ሳይንስ ገንዘብ ስለገባበት ብቻ አይበላሽም። የሚበላሸው «ይኼ ሠርቷል» የሚለው ታትሞ፣ «ይኼ አልሠራም» የሚለው መሳቢያ ውስጥ ሲቆለፍ ነው። ገዢው እሽጉ ላይ የሚያነበው ሠራ የተባለውን ብቻ ነው። የማንበብ ዕድል ያልሰጠሽው ሰው ደግሞ ባልንጀራሽ ነው፣ ገበያ ቀን የእናትሽን ጤና የሚጠይቅሽ ሰው።

ድርጅቶች ጊዜ መጠየቃቸው ያለ ነገር ነው። «ፓተንቱን እስክናስገባ 60 ቀን ወይም 90 ቀን ጽሑፉን አቆይልን» ቢሉሽ እሺ በይ፤ ማስገቢያው ሳይደርስ ማሳተም መብቱን ሊጎዳው ይችላል፣ ስለ እሱ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑን ሰዎች ጠይቂ። ቀን ያለው መቆየትና «ያለ እኛ ፈቃድ» የሚል መቆለፊያ ግን አይገናኙም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሁለት ነገር ላይ አልደራደርም፤ መጥፎውም ውጤት ከጥሩው ጋር ይወጣል፣ እማሆይና የቀበሌው ሴቶች በቤታቸው የሚያዘጋጁት እንደ ድሮው ነፃ ሆኖ ይቀጥላል። ሌላው ሁሉ፣ ብሩም፣ ዓመቱም፣ ስሙም፣ ሊወራ ይችላል። ድርጅቱ በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ጥሎሽ ከሄደ፣ ሊገዛ የፈለገው ዱቄቱን ሳይሆን ዝምታሽን ነበር። ለዝምታ ደግሞ 800,000 ርካሽ ነው፣ ብታስቢው።

የሰጡሽ ቀነ ገደብም አያስጨንቅሽ። አራት ዓመት የጠበቀ ሥራ አንድ ወር ቢጨመርለት አይሻግትም። የውሉን ቅጂ በአማርኛ ጠይቂያቸው፤ አንቺ ብትረጂውም እማሆይ ሊሰሙት ይገባል። ለዩኒቨርሲቲው የምርምርና ቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል አሳዪው። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉና ወጪያችሁን በወረቀት ጻፉት፤ አንገብጋቢው የእናትሽ ሕክምና ከሆነ ስንት ብር ነው? 800,000 ነው ወይስ ከእሱ በጣም ያነሰ? ዘመድ ወይም ዕድር የሚሸፍነው ከሆነ ይኼ ውል እንዲህ አንገትሽን አይዝም። «ሐሳብ እንጀራ አይሆንም» ያለሽ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ሊለዝብ ይችላል።

እማሆይ ፊት ምን ብዬ እቀመጣለሁ ብለሻል። ቡናው ሲፈላ ተቀመጪ፣ ያለውን እንዳለ ንገሪያቸው። ድርጅት መጥቷል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሰው ከእንግዲህ እንዳይማር ይላል በያቸው። እሺ ሊሉሽም ይችላሉ፤ ለልጅ ልጃቸው የማይሆኑት የለም። ስለዚህ ለብቻቸው አትጠይቂያቸው። ከእሳቸው የተማሩትን ሴቶች ሁለት ሦስቱን ጥሪ፣ ቅጠሉ የእነሱም ነውና። ምናልባት ለራሳቸው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ የማኅበር ወፍጮ ሊሆን ይችላል፣ ቅጠሉን ለድርጅቱ እየለቀሙ የማቅረብ ሥራ ሊሆን ይችላል። አንቺና እኔ ያላሰብነውን ያስቡ ይሆናል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ሦስተኛው ቀበሌ ሂጂ። በቆሎ የሚዘራበት ግንቦት ሩቅ አይደለም፤ ሰው አሁን ዘሩን ከድብኝት እያወጣ ያያል። ገበያ ወይም ሰንበት ቀን ብትሄጂ ብዙ ሰው ታገኛለሽ። ዱቄቱን ለቀለብ ባስቀመጡት ላይ እንጂ ለዘር ባሉት ላይ እንዳያደርጉ፣ ያደረጉም ካሉ ሃያ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው በሳምንት ውስጥ ስንቱ እንደሚበቅል እንዲያዩ ንገሪያቸው። ጨርቁን አንቺ ይዘሽላቸው ሂጂ።